ለስደተኛ የደከሙ ሰው

ነይ፣ ነይ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ። ያ ወንበር እግሩ ይነቃነቃል፣ እሱን ተዪው። ሾርባው ምስር ነው፤ እሑድ ሁልጊዜ ምስር ነው። ፊላዴልፊያ ውስጥ ሥጋ የጠፋ እንዳይመስልሽ፤ እኛ ኩዌከር የምንባል ክርስቲያኖች ኑሮ ቀለል ይበል ስንል ሾርባውንም አብረን ስለምናቀለው ነው። ጨው እዚያ አለልሽ። ዊኒ እባላለሁ፤ ነርስ ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አንቺስ... የሕግ ተማሪ? ጎሽ! ፊትሽን ሳየው ጠርጥሬ ነበር። እንቅልፍ ያጣ ፊት ነው፣ አትቀየሚኝ።

ታዲያ ዝምታውን እንዴት አገኘሽው? ቄስ የለ፣ መዝሙር የለ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አግዳሚ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ለእንግዳ ይከብዳል። እኔ ስንት ዓመት ለምጄው እንኳ ሆዴ ሲጮህ አፍራለሁ። ደግነቱ ሁላችንም እኩል ዝም እንላለን። አንዱ ዝም ብሎ ይጸልያል፣ ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ... የሚቀጥለውን መጽሐፉን ያስባል። ምን ይደረግ፣ ማን በማን ልብ ይገባል?

እንዴ፣ ስም አልጠራሁም እኮ! ዞር አትበይ። ሾርባሽን ጠጪ። ከኋላችን ያሉት ሰዎች እየበሉ ነው፣ አንረብሻቸው።

ለመሆኑ ማን ላከሽ? አስተማሪሽ? በጣም ጥሩ! "ሕግ ከመጽሐፍ ብቻ አይማሩትም፤ ተማሪው ሕግ ያነቀው ሰው ፊት ቁጭ ይበል" የሚሉ አንድ ፕሮፌሰር አሉ ይባላል። ይህንኑ ለማስተማር ስንት ዩኒቨርሲቲ ዞረዋል። ትክክል ነዋ! በሽተኛ ሳያዩ ነርስ መሆን አለ እንዴ? እሳቸው ደግሞ አፍ ብቻ አይደሉም፣ ያሉትን ያደርጋሉ። ኤልቪያ የምትባለዋን ስደተኛ ክፍላቸው ድረስ ጠርተው ተማሪዎቹ ፊት አስቀመጧት። አንቺም ነበርሽ? ታዲያ አልቅሰሻላ! ሁሉም አለቀሰ አሉ። ሆንዱራስ ውስጥ ወንድሟን በሯ ላይ እንዴት እንደገደሉት፣ ልጇን አዝላ እንዴት ወንዝ እንደተሻገረች... አወራች፣ አወራች። ስትጨርስ ጭብጨባ ሆነ፤ እሳቸውም ተነሥተው የትምህርት ቤቱ አርማ ያለበት ኩባያ ሰጧት። ቆንጆ ኩባያ ነው። እጀታውም ጠንካራ ነው። እሳቸው እኮ ሰው ባዶ እጁን አይሸኙም።

ኩባያውን የት አየሽው እንዳትዪኝ፣ እኔ ቤት ነው ያለው። ኤልቪያና ልጇ ያሬሊ የሚያድሩት እኔ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ኢሚግሬሽን ቢሮ ቅረቢ፣ ሻንጣሽንም ይዘሽ ነይ ተብላለች። ሻንጣ ይዘሽ ነይ ማለት ምን እንደሆነ ለሕግ ተማሪ አላስረዳም። የኔ ቤት ደግሞ የአንዲት አሮጊት አፓርታማ ነው፤ በሬን ለማንኳኳት የሚያፍር ፖሊስ የለም። የጸሎት ቤት ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። እስካሁን እዚህ ከተማ ከጸሎት ቤት ሰው ጎትተው ሲያወጡ አላየንም፤ እነሱም እንደ አቅማቸው ይሉኝታ አላቸው። ከወጥ ቤቱ በላይ ያለችውን ክፍል አይተሻል? ለኤልቪያ ብለን ያዘጋጀናት ናት። ቢጫ ቀለም ቀባናት፣ አልጋ አስገባን፣ ሰብሳቢያችን ሎዌል በዚያ ጉልበቱ ተንበርክኮ ሻወር ሠራላት። በበጋ ነው ያለቀችው። ይኸው በረዶ ወረደ፣ እስካሁን በሻወሩ የታጠበው ሸረሪት ብቻ ነው።

ለምን ብትይ... ክፉ ሰው ኖሮ አይደለም። ክፉ ሰውማ እዚህ አይመጣም፣ ዝምታውን አይችለውም። ነገሩ የቤታችን ሥርዓት ነው። እኛ ድምፅ አንቆጥርም፤ እጅ አውጡ፣ አብላጫ፣ ምናምን የለም። ሎዌል ይነሣና "ልባችን አንድ ነው?" ይላል። ሁሉም ዝም ካለ አለቀ፣ ተወሰነ። አንድ ሰው ብቻ ተነሥቶ "የኔ ልብ አልረጋም" ካለ ግን ነገሩ ይቆማል። ቤቱ ሙሉ ሰው ቢፈልገውም ይቆማል። ከአያቶቻችን የወረስነው ነው፤ ብዙ ሆኖ የመጣ ጥቂቱን እንዳይጫነው ብለው ነው። አያቶቻችን መቼም የዋህ ነበሩ። ልቡ የማይረጋ ምሁር ይመጣል ብለው የት አስበው!

መጀመሪያ ልባቸው ያልረጋው... ማለቴ የአንድ ሰው ልብ ያልረጋው፣ በቤቱ ኢንሹራንስ ነበር። ተጠየቀ፣ ችግር የለም ተባለ። በሁለተኛው ስብሰባ ደግሞ "ለመሆኑ መጠለያ ስንል ምን ማለታችን ነው?" በሚለው አልረጋም። ጥያቄው ጥያቄ ነው! እኔ መሃይሟ መጠለያ ማለት አልጋ ያለበት ክፍል ይመስለኝ ነበር። "ይጠና" አሉ። ደግሞም ሸክሙን በማንም ላይ አልጣሉም፣ ራሳቸው ሊያጠኑት ወሰዱት። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አይደል የሚባለው? ያልቸኮለ ሰው ምን ያፈሳል? ምንም! መጀመሪያ ነገር መቼ ቀዳና!

የማይለፉ ሰው እንዳይመስሉሽ ብቻ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስደተኛን የሚያስጠጉ ከተሞችን ሲያጠኑ ነው የኖሩት። መጽሐፋቸው እኔም ቤት አለ፤ ወፍራም ነው፣ ነፋስ ሲኖር በሬን ወለል አድርጎ ይይዝልኛል። ከንቲባዎች ሳይቀሩ ይጠሯቸዋል። "የሚያመነታ ከተማ ከተማ አይባልም፣ በሩን ይክፈት!" ሲሉ አዳራሹ ብድግ ይላል። እኔም ብድግ ብዬ አጨብጭቤያለሁ፣ እጄ እስኪቀላ። ታዲያ ያን ሁሉ ከተማ ሲከፍት የኖረ ሰው አንዲት ቢጫ ክፍል ላይ ሲደርስ እጁ ቢዝል ይፈረድበታል? "እንግዳ የእግዜር ነው" ይባል የለ? እሳቸውም ለዚህ ነው የማይነኩት። ለባለቤቱ ትተውለታል።

ጥናቱማ አለቀ፣ ምን ብሎ አያልቅ! ታተመም፣ ተሸለመም። ስለ እኛ ነው፤ አንድ የጸሎት ቤት ስደተኛ ለማስጠጋት እንዴት እንዳመነታ የሚተነትን ነው። ሎዌል ሲያነበው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አነበበው። ለካስ ስናመነታ የከረምነው እኛ ነን! ግሩም አድርገው ጽፈውታል። ያመነታው ማን እንደሆነ ብቻ የለበትም። ትሕትና መሆን አለበት፣ ጨዋ ሰው ስለ ራሱ ብዙ አያወራም። "የተማረ ይግደለኝ" የሚል ሰው ሞልቷል... ኤልቪያን ግን እስካሁን የጠየቃት የለም።

ትናንት ያሬሊ ጥርሷን እየፋቀች "ዊኒ፣ ማክሰኞ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ?" አለችኝ። ስምንት ዓመቷ ነው። ትሄጃለሽ አልኳት። ምን ልበላት? ውሸት አያውቁም ከሚባሉ ሰዎች ተወልጄ በዚህ ዕድሜዬ ሕፃን ዋሸሁ። ይኸው፣ ብታይው ሾርባውን አልነካሁትም።

ይሁን። ዛሬ ከምሳ በኋላ እንደገና እንሰበሰባለን፤ ከማክሰኞ በፊት ሌላ ስብሰባ የለም። ሎዌል ይጠይቃል፣ ሁላችን ዝም እንላለን፣ ከዚያ አንድ ልብ እስኪረጋ እንጠብቃለን። እኔ ትንፍሽ አልልም። ሰው በገዛ ልቡ መጣደፍ የለበትም። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።" ይሄዳል እንጂ! ኤልቪያ በአውሮፕላን ትሄዳለች፣ እንቁላሉ ደግሞ በእግሩ ይከተላታል።

ምነው? ጮኽኩ እንዴ? ጆሮዬ ከበድ ብሎኛል፣ ድምፄን አላውቀውም። አንቺ ደግሞ ቀላሽ፤ አይዞሽ፣ ላንቺ አይደለም። ተመርቀሽ ነገ ትልቅ ሰው ስትሆኚ እንደ አስተማሪሽ ያድርግሽ ልል ነበር... ግን ገና ልጅ ነሽ፣ ምን በደልሽኝ? ከኋላ ማንኪያ ወደቀ መሰለኝ። አንሺላቸው እባክሽ፣ ወገባቸውን ያማቸዋል።

ይኸው፣ ሎዌል ሰዓቱን አየ። ሰው ወደ ውስጥ እየገባ ነው። አንቺም ነይ፣ እንግዳ ቁጭ ብሎ መስማት ይችላል። እንዴ... የማን ኮት ነው የሚለበሰው? የአንገት ልብሱም ተጠመጠመ። ለካ ነገ ቺካጎ ንግግር አላቸው፣ ስለ እንግዳ ተቀባይ ከተሞች። ግን አውሮፕላኑ ማታ ነው ሲሉ ነበር... ቀደመ መሰለኝ። ወደ ስብሰባው ሳይገቡ ሊሄዱ ነው።

ቆይ። ቆይ እስቲ፣ ክንዴን ያዢኝ። ምን ማለት እንደሆነ ገባሽ? እዚህ ቤት ልቡ የሚጠየቀው ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው። የሌለ ሰው ልብ ረጋ አልረጋ የሚጠይቅ የለም! ሌላ ያልረጋ ልብ ደግሞ የለንም። ኤልቪያ ዛሬውኑ እዚያች ክፍል ታድራለች። ውይ፣ ደስታ ነው፣ አትደንግጪ። ሠላሳ ዓመት ለስደተኛ ደከሙ፣ ደከሙ፤ ኮት የለበሱባትን የዛሬዋን ደቂቃ የሚያህል ውለታ ግን ውለው አያውቁም።

ሂጂ፣ ሮጥ በይና በሩን ክፈቺላቸው፤ ደረጃው በረዶ ነው፣ እንዳያዳልጣቸው። እኔ ከዚሁ ልመርቅ፤ ምርቃት ሳይሰሙ አይሂዱ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግላቸው። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፣ መጽሐፋቸውን ያብዛላቸው፣ ሽልማታቸው ቤት ይጥበበው። ዘመን ከፍቶ መጠጊያ አጥተው ሻንጣቸውን ይዘው በብርድ የሰው ደጅ ቢቆሙም... እግዜር ቸር ነው፣ ከውስጥ ወጥቶ የሚቀበላቸው ልክ እንደ ራሳቸው ያለ ሰው ይሁን። አሜን በይ እንጂ፣ ልጄ።