ከእግር የወደቀው ነጠላ ጫማ

በባቭናጋር ከተማ ወደ መነኮሳይያቱ ማረፊያ የሚወስደው ጠባብ መንገድ በክረምት ጭቃ ነው። ወይዘሮ ቫሱማቲ በዚያ ማለዳ ሳሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው እየተቻኮሉ ሲያልፉ ግራ እግራቸው ባዶውን ነበር። ነጠላ ጫማውን ጭቃ ይዞ አስቀርቶታል፤ እርሳቸው ግን አላወቁም።

«አክስቴ! ኧረ አክስቴ ቫሱ! ጫማዎን ለማን ትተው ነው?»

ዞር ቢሉ የጎረቤታቸው ልጅ ኒራሊ ጭቃ የጠጣ ጫማ አንጠልጥላ ስትሮጥ አዩ። ኒራሊ በአሕመዳባድ ስለ ሕመምተኛ አመጋገብ ተምራ እዚያው በአንድ ሆስፒታል የምትሠራ ልጅ ናት፤ በሃይማኖታቸው በየክረምቱ ለሚጾመው የስምንት ቀን ጾም ወላጆቿን ልትጠይቅ መምጣቷ ነበር።

«ውይ በሞትኩት! የት ነው የወለቀው?»

«ልብስ ሰፊው በር ላይ። ይህን ሁሉ መንገድ አልተሰማዎትም?»

«ሐሳብ ይዞኝ ነው እንጂ።»

ኒራሊ እንደ አገሩ ወግ ጎንበስ ብላ እግራቸውን በመንካት ሰላም አለቻቸው። ወይዘሮ ቫሱማቲም እጃቸውን በራሷ ላይ ጭነው መረቋት። ልጅቱ ግን ቶሎ አልተነሣችም።

«ተነሺ እንጂ ልጄ፣ ሰላምታሽ በዛ። ጣዖት አደረግሽኝ እኮ።»

«አክስቴ፣ የግራ እግርዎን ትንሿን ጣት ቆንጥጬ ይዤ ነበር።»

«መቼ?»

«እስካሁን እንደያዝኳት ነው።»

ወይዘሮ ቫሱማቲ ቁልቁል አዩ። የልጅቱ ጥፍር ሥጋቸው ውስጥ ገብቶ ቦታው ነጥቷል። የሌላ ሰው እግር የሚያዩ መሰላቸው። ዝናቡ ጠንከር ሲል ሁለቱም በአንድ የተዘጋ የጨርቅ ሱቅ ታዛ ሥር ተጠለሉ።

«ወዴት ነበር ጉዞው?» አለች ኒራሊ።

«ከመነኩሲቷ ፊት ቀርቤ ቃል ልገባ። ስምንቱን ቀን የፈላ ውሃ ብቻ እየቀመስኩ ልጾም።»

«ክብደት ለመቀነስ ጨጓራዎን ከተቀደዱ ዓመት ሳይሞላዎት?»

«እሱ አይደል የገደለኝ! በመጀመሪያዎቹ ወራት ብታዪኝ እንደ ጭቃ ግድግዳ ነበር የተናድኩት። ሳሪዬ ተረፈኝ፤ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ አላጠረኝም። ከዚያ ቀጥ! ከዝናቡ በፊት ጀምሮ ሚዛኑ ዘጠና አንድ ኪሎ ላይ ተቸነከረ። ጠዋት እወጣበታለሁ፣ ማታ እወጣበታለሁ። ሩዙን ቀነስኩ፣ ምስሩን ተውኩ፤ ወይ ፍንክች! የባሌ እህት ኮኪላ በሰው ፊት ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹ሆድሽን አስቆረጥሽ፤ አፍሽን የሚቆርጥልሽ ሐኪም ግን አልተገኘም› አለችኝ።»

«የእሷን አፍስ የሚችለው ሐኪም አለ?»

ወይዘሮ ቫሱማቲ ሊስቁ ሞክረው አልሆነላቸውም። ያስጨነቃቸው የኮኪላ ነገር ብቻ አልነበረም። ታላቅ ወንድማቸው እንደ እርሳቸው ከባድ ሰው ነበር፤ አንድ ሌሊት እያንኮራፋ ተኝቶ ጠዋት አልተነሣም። እርሳቸው ቢላዋ ሥር የተኙት ያን አልጋ ሸሽተው ነው። ሚዛኑ ከቆመ ወዲህ ግን የወንድማቸው ማንኮራፋት ከገዛ ጉሮሯቸው የሚወጣ እየመሰላቸው ይባንናሉ።

«የሚዛኑ መቆም ያለ ነገር ነው» አለች ኒራሊ። «ይህን ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው አብዛኛው አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ አንዳንዱ ለሳምንታት፣ አንዳንዱ ለወራት። ሐኪሙ አልነገረዎትም?»

«ነግሮኝ ይሆናል። መውረድ የጀመረ ሰው እቆማለሁ ብሎ መቼ ይሰማል?»

«እስቲ ይንገሩኝ፤ ዝናብ በቀረበት ዓመት እናትዎ ጎተራውን ምን ያደርጉት ነበር?»

«ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ ታስራለቻ። በጭብጥ ነበር የምትሰፍርልን።»

«ሰውነትም እንደ እናትዎ ነው። ምግቡ ሲያንስበት ድርቅ መጣ ብሎ ይቆልፋል፤ በጥቂቱ ማደር ይለምዳል። አሁን ጭራሽ ሲከለክሉት ስቡን ብቻ አሳልፎ የሚሰጥዎ ይመስልዎታል? ጡንቻዎንም አብሮ ይበላል። እንጨት ሲያጣ የቤቱን ማገር እየነቀለ ምድጃ ውስጥ እንደሚከት ሰው ማለት ነው።»

«ተይ እባክሽ! አያቴ እስክትሞት ድረስ ስምንቱን ቀን ጾማለች፤ ዘጠና ዓመት ኖረች።»

«የአያትዎ ጨጓራ ሙሉ ነበራ። ለእርስዎ የቀረችልዎ አንዲት ሙዝ የምታህል ናት። ለመሆኑ ምንድን ነው የሚበሉት?»

«ምን እበላለሁ? ሻይ ነው።»

«ስኳር አለው?»

«ያለ ስኳር ሻይ ለበሽተኛ ነው እንዴ? አለው እንጂ።»

«ከሻዩ ጋርስ?»

«ቂጣ ነከር አደርጋለሁ። ምራቴ የሽምብራ ሊጥ በዘይት ስትጠብስ ደግሞ ጨው ልይላት ብዬ አንድ ሁለት እቀምሳለሁ። ይህ መብላት ይባላል?»

«በቀን ስንት ጊዜ?»

ወይዘሮ ቫሱማቲ ዝናቡን አዩ። «የምውለው ቤት ነው፤ ማን ቆጥሮት» አሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተቀምጦ የበላውን ያስታውሳል፤ ቆሞ የቀመሰውን አያስታውስም። ጨጓራው ያነሰ ሰውማ ምስሩና አይቡ ሲከብደው፣ ጣፋጩና ልዝቡ እየተንሸራተተ ስለሚያልፍለት ይህንኑ ይለምዳል። እንዲህ ያለውን ሰው ሆዳም ማለት ግፍ ነው፤ ሰውነቱ የሚያስፈልገውን አጥቶ በማያስፈልገው ሲታለል የሚውል ነውና።

«ቫይታሚኑስ? የታዘዙልዎ እንክብሎች?»

የወይዘሮ ቫሱማቲ ድምፅ ዝቅ አለ። «ተውኩት።»

«ለምን?»

«ሽፋኑ ከከብት አጥንት ተቀቅሎ ነው የሚሠራው ብላ ኮኪላ ነገረችኝ። እኔ ለትሏ ነፍስ አዝኜ ከመሬት ሥር የበቀለ ድንች እንኳ የማልቀምስ ሰው፣ የላም አጥንት ልዋጥ?»

ኒራሊ አልሳቀችም፤ እሷም በዚያው እምነት ያደገች ናትና። «እውነት ነው፤ አንዳንዱ ሽፋን ከእንስሳ ነው። ከእንስሳ ያልሆነም ግን አለ። በመርፌም ይሰጣል። ለሐኪሙ ነገሩት?»

«ምን ብዬ? የተማረ ሰው እንዲሳለቅብኝ?»

«እግርዎ እንዲህ ከሆነስ ቆየ?»

«ከዝናቡ በፊት ጣቶቼ ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ጉንዳኑም ተወኝ።»

ኒራሊ እግራቸውን እንደገና አየች። ቀጥሎ የተናገረችውን ልትናገረው አልፈለገችም ነበር።

«እኛ ሆስፒታል አንዲት ሴት ተኝታለች። እንደ እርስዎ ቀዶ ጥገና አድርጋ፣ እንደ እርስዎ ሚዛኑ ሲቆምባት፣ በውሃ ብቻ ጾመች። ነርቭን የሚጠብቀው ቫይታሚን አለቀባትና መጀመሪያ እግሯ ከዳት። ከዚያ ዓይኗ መንቀጥቀጥ ያዘ። ዛሬ ሴት ልጇ በየቀኑ ትመጣለች፤ እናትየው በየቀኑ ‹የማን ልጅ ነሽ?› ትላታለች።»

የታዛው ውሃ በጭቃው ላይ ይንጠባጠባል። ወይዘሮ ቫሱማቲ ሳሪያቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ፤ ከዚያም ቁጣ መጣባቸው።

«ታዲያ እንዲሁ ተቸንክሬ ልሙት ነው የምትዪኝ? ወንድሜን ከአልጋው ያነሣሁት እኔ ነኝ! ጾም ነፍስን ያነጻል፤ አንቺ ትምህርት ቤት ገባሁ ብለሽ ጾምን ልትነቅፊ?»

«ጾምንስ አልነቀፍኩም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ነገ ጠዋት ሚዛኑ ሰማንያ ቢልልዎ፣ ስምንቱን ቀን ይይዙት ነበር?»

ወይዘሮ ቫሱማቲ እሑድ እሑድ ለሠፈሩ ልጆች ሃይማኖት የሚያስተምሩ ሴት ናቸው። በጾሙ ምድራዊ ዋጋ የጠየቀ ሰው ጾሙን ሸጦታል እያሉ ስንቱን ልጅ ለፈተና ውጤት ብሎ እንዳይጾም ገሥጸዋል። አሁን ራሳቸው ሊሸጡ ገበያ መውጣታቸው ነበር። ልጅቱ ይህን አልተናገረችም፤ ያወቁት እርሳቸው ናቸው።

በዚህ መካከል ኮኪላ ጥላዋን ዘርግታ ከመንገዱ ማዶ ብቅ አለች።

«ቫሱ! ምን ትሠሪያለሽ? መነኩሲቷ እየጠበቁ ነው። ለዘመዱ ሁሉ ነግሬያለሁ፤ ጾሙን ስትፈቺ በሠረገላ ተቀምጠሽ ከተማውን ትዞሪያለሽ፣ ከበሮ መቺ ሁሉ ተጠርቷል።»

ወይዘሮ ቫሱማቲ አንዴ ጭቃ የለበሰውን ጫማ፣ አንዴ የባላቸውን እህት አዩ።

«አልይዝም» አሉ።

«ምን?»

«ጾሙን አልይዝም። እግሬ አይሰማኝም፣ ኮኪላ።» ይህን እንዲህ በግልጽ ለሰው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

«እግርና ጾም ምን አገናኛቸው! ለከበሮ መቺዎቹ ምን ልበላቸው? መጀመሪያውንም አፍሽን መዝጋት የማትችዪ…»

«እንደሱ በያቸው» አሉ ወይዘሮ ቫሱማቲ። «ቫሱማቲ አፏን መዝጋት አልቻለችም በያቸው።» ከዚያም የኒራሊን ክንድ ይዘው ወደ ሐኪም ቤቱ አቅጣጫ መራመድ ጀመሩ፤ ለእያንዳንዱ እርምጃ መሬቱን በዓይናቸው እየፈለጉ።

ሐኪሙ አልሳቀባቸውም። እግራቸውን በመርፌ ጫፍ እየነካ መረመረ፤ ከዚያ በዚያች እግር ስምንት ቀን በውሃ ቢቆዩ ኖሮ በእግራቸው ተመልሰው እንደማይመጡ ነገራቸው። ቀኙ ይድን ይሆናል፤ ለግራው ቃል አልሰጥም አለ።

የመርፌው ሕክምና በዚያው ቀን ተጀመረ። ከእንስሳ ያልተሠራ ቫይታሚንም ተገኘላቸው፤ ለካ መጠየቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ኒራሊ ከእምነታቸው ሳትወጣ ገበታቸውን አስተካከለችላቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከሩዙ በፊት ማሾ፣ እርጎ፣ አይብና ሽምብራ በጥቂት በጥቂቱ ይበላሉ፤ ሻዩ ያለ ስኳር፣ ለብቻው ይጠጣል፤ ምራታቸው የጥብሱን ጨው ራሷ ትቀምሳለች። ጡንቻ እንዳይከሳ ውሃ የሞላ ትንሽ ማሰሮ እየያዙ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ተለማመዱ። ሚዛኑም ከአልጋቸው ሥር ወጥቶ በወር አንዴ ብቻ የሚታይ ሆነ።

ሚዛኑ ወዲያው አልወረደም። ቆይቶ ወረደ፤ እንደገና ቆመ። ሲቆም ግን እንደ ፍርድ አልቆጠሩትም፤ የበሉትንና የተራመዱትን መርምረው፣ ሐኪሙን ጠይቀው ይጠብቁ ነበር። ጉልበታቸው ቀለለ፤ ሌሊቱም ያለ ወንድማቸው ድምፅ ያልፍላቸው ጀመር። የቆመ ሚዛን አይገድልም፤ ቆመብኝ ብሎ ከሐኪም መደበቅና በራስ ላይ ረኃብ ማወጅ ግን ይገድላል። ወይዘሮ ቫሱማቲ ይህን በእሑድ ትምህርታቸው ላይ ለእናቶች ይናገራሉ። ኮኪላ አትመጣም።

በዓመቱ ኒራሊ ለጾሙ ስትመለስ ደጃፋቸው ላይ አገኘቻቸውና ጎንበስ ብላ ቀኝ እግራቸውን ነካች።

«ቀስ በይ! ጥፍርሽን አትቆርጪም እንዴ?» ብለው እግራቸውን ሰበሰቡ። ኒራሊ ሳቀች፤ ከዚያም ወደ ግራው ዞረች።

ወይዘሮ ቫሱማቲ ጠበቁ። ዝናቡ ደረጃውን ያጥባል።

«ያዝሽው?» አሉ ቆይተው።

«ይዤዋለሁ፣ አክስቴ።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አሉ፤ እጃቸውንም በራሷ ላይ ጭነው መረቋት። ከዚያም ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው የግራውን ጫማ ማሰሪያ በዓይናቸው እያዩ አጠበቁት።