ከአፉ የተነጠቀች ቃል

ሳይጠይቅ የሚያዝን ሰው ያናድደኛል። አርብ ገበያ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁና ፍረዱ። የአክስቴ ልጅ ትርንጎ ሁለት ዓመት ያለፈው ልጅ አላት። ሲጠሩት አይዞርም፤ አንዲት ቃል አይናገርም። ሐኪሟ «ኦቲዝም ሊሆን ይችላል፤ ቁርጡ እስኪታወቅ ሳትጠብቂ ከአሁኑ መናገር አስተምሪው። የሚፈልገውን ነገር ፊትሽ አጠገብ ይዘሽ ስሙን ንገሪውና እስኪሞክር ታገሺው» ብላታለች።

ያን ዕለት ትርንጎ ሽንኩርቷን ዘርግታ ስትሸጥ ልጁ ውሃ ፈለገ። ኩባያውን ጉንጯ ላይ አስጠግታ «ውሃ» አለችውና ጠበቀች። ልጁ ተነጫነጨ። ወዲያው «ምን ያለችዋ ጨካኝ ናት! ሕፃን በውሃ ጥም ይቀጣል?» የሚል ጫጫታ ተነሣ። አንድ ሽማግሌም «ተይው ልጄ፣ ዝምተኛ ልጅ ጨዋ ነው፤ እግዜር ሲፈቅድ ይናገራል» አሏት። አላስቻለኝም። «አባባ፣ የኔታስ ፊደል ሲያስቆጥሩ ‹ሀ› ብለው ልጁ ‹ሀ› እስኪል ይጠብቁ የለም? እርሳቸውን ጨካኝ ያላቸው አለ?» አልኋቸው። 

ይህን ጊዜ ልጁ ከኩባያው ላይ ዓይኑን አንሥቶ የእናቱን አፍ አየ። ከንፈሩን አሞጠሞጠ። «ው...» ማለት ሲጀምር ከጎናችን ያለችው ጨው ሻጭ ኩባያውን ከትርንጎ እጅ መንጭቃ «ጠጣ የኔ ጌታ!» ብላ አፉ ላይ ደፋችለት። ዙሪያውን የቆመው ሁሉ መረቃት። ልጁም ጠጥቶ ሲያበቃ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

«ምነው አንቺ ሴትዮ! ሊናገር ነበር እኮ!» ብዬ ጮኽሁባት።

«ምን ሊናገር! ጠምቶት እንጂ» ብላ ሳቀች።

ትርንጎ ባዶውን ኩባያ ተቀበለቻትና «አሁን ደግሞ እስኪጠማው እጠብቃለሁ» አለችኝ።