የዶሮ ቤቱ ሰማያዊ በር

በእኛ ጊዜ እኮ ልጆች፣ ቦንጋ ውስጥ የግል መኪና ያለውን ሰው በጣት ትቆጥሩት ነበር፣ እና አሁን ‘ጋሼ፣ የዶሮ ቤትዎ በር ለምን የመኪና በር ሆነ?’ ብላችሁ የምትስቁበት ይህ ሰማያዊ በር የእኔ የቮልስ በር ነው። ሳቁ፣ ሳቁ። ግን መጀመሪያ እዚች እጀታው ሥር እዩ። ምን ይታያችኋል? አዎ፣ የሰው አውራ ጣት ምልክት። እንዴት እዚያ እንደገባች ልንገራችሁ።

ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁት ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመቱ ነው፣ የቡና ባለሙያ ሆኜ። ሥራዬ ገበሬ ሰብስቦ ማስተማር ነው፣ ቡና እንዲህ ይለቀማል፣ እንዲህ ይደርቃል እያልኩ። ታዲያ እዚህ አጠገብ ሺሺንዳ ለሥራ ስመላለስ አስቴርን አየኋት፣ ይቺን አስቴርን፣ አትሸፋፈኚ እንጂ፣ ስለ አንቺ ነው የማወራው። አየኋት እና አለቀልኝ። እሷም አልጠላችኝም፣ እና ሽማግሌ ልልክ ስሰናዳ፣ አንድ የዋጫ ከተማ ነጋዴም ለእሷ ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ ደረሰኝ። እሱ የጭነት መኪና ያለው፣ እኔ የወር ደሞዝተኛ። ያለችኝ ከአንድ ወደ አገሩ ከተዛወረ መምህር የገዛኋት ቮልስ ናት፣ እሷም ዝገት የበላት፣ የድሮ ቀለሟ ምን እንደነበረ እንኳ የማይታወቅ። እና ቀብቼ ላሳምራት፣ ሽማግሌዎቹም በእሷ ይሂዱ አልኩ።

ጅማ አንድ ቀለም ቀቢ ጠየቅሁ። ፀረ ዝገቱን ቀባ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ቀለሙን ሦስት ዙር ርጭ፣ በየዙሩ መሐል አንድ ሻይ ጠጥተህ ተመለስ አለኝ። እሱ እኮ የሚያወራው ስለ ጅማ ፀሐይ ነው። እኔ ያለሁት ቦንጋ ነው፣ ጥር ቢሆንም የቦንጋ ጥር ነው፣ ጠዋት ጉሙ ግቢ ድረስ ገብቶ ይቀመጣል። ቅዳሜ ከጎሚስታው ኮምፕረሰር ተዋስኩና ጀመርኩ። አንድ ዙር ረጨሁ፣ ሻይ ጠጣሁ። እና ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ጊዜው ቶሎ እንዲያልፍ ሻዩን እየፋጀኝ ጠጣሁት። ምላሴ ተላጠ። ሁለተኛ ዙር፣ ሻይ። ሦስተኛ ዙር፣ ሻይ። እንዲያምር ብዬ ደግሞ ወፈር አድርጌ ነው የረጨሁት። ወደ ማታ ስነካው እጄን አልያዘኝም፣ እና በቃ ደርቋል አልኩ።

እሁድ ሦስት ሽማግሌ ጫንኩ፣ ዋናው ጋሽ ተፈራ ናቸው፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ። መንገዱ ያኔ አስፋልት አይደለም፣ አቧራ ነው። ሺሺንዳ ስንደርስ አቧራው ሁሉ ቀለሙ ላይ ተለጥፎ ሰማያዊዋ መኪና ቡናማ ሆናለች። በጨርቅ ልጠርግ ብል የጨርቁ ክር እዚያው ቀረ። ጋሽ ተፈራ ወረዱ፣ በሩን ደገፍ ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ እና ገቡ። እኔ እንደ ወጉ ውጭ ቀረሁ።

የውስጡን በኋላ የነገሩኝ ጋሽ ተፈራ ናቸው። ልጅዎን ለልጃችን ብለው ገና ሳይጨርሱ፣ የአስቴር አባት ጋሽ ወልዴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዓይናቸው ጋቢው ላይ ቀረ። ጀርባው ሰማያዊ። ብድግ ብለው ወጡ። ጋሽ ወልዴ የቡና ገበሬ ናቸው፣ የቡናን እርጥበት በጥርሳቸው ነክሰው የሚያውቁ። መኪናዋን ዞሯት። አፍንጫቸውን አስጠግተው አሸተቱ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን እዚች እጀታው ሥር ተጫኑ፣ እና ጣቱ ገባ። አነሱት፣ አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

‘አንተ አይደለህም እንዴ በጥቅምት ሰብስበህ ያስተማርከን?’ አሉ። ‘ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ቡና ጆንያ ውስጥ እንዳትከቱ ያልከን?’

‘ነኝ’ አልኩ።

‘ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?’

‘እኔ እኮ ጋሽ ወልዴ... ቀለም ነው ብዬ ነው።’

ይኸው ነው ያልኩት። ወደ ቤቱ ዞረው በካፊኖኖ አንድ ነገር ተናገሩ፣ እኔ ያኔ ቋንቋውን አልሰማም፣ እና ከመስኮቱ ውስጥ የአስቴር ሳቅ ተሰማኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ በአማርኛ ‘ሂድና አድርቀህ ና፣ መልስህን ያን ጊዜ ትሰማለህ’ አሉኝ። ‘ይቺን የጣቴን ምልክት ግን እንዳታጠፋት። በሩን በከፈትክ ቁጥር እያት።’

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ተመልሼ ቀለሙን በቲነርና በብርጭቆ ወረቀት አነሳሁት፣ የጣታቸውን ቦታ ብቻ በፕላስተር ሸፍኜ። እና አሁን ነገሩ ራሱ ገረመኝ። ደረቀ ማለት ምን ማለት ነው? ጅማ የሚደርቀው እዚህ ለምን እንቢ አለ? የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ክዳኖች ሰበሰብኩ፣ ቀባኋቸው፣ አንዱን ፀሐይ ላይ፣ አንዱን ምድጃ አጠገብ፣ አንዱን ነፋስ በሚገባበት ጣሪያ ሥር አኖርኩ፣ እና ከሥራ በተመለስኩ ቁጥር በጥፍሬ እጫናለሁ፣ አሸታለሁ፣ እጽፋለሁ። ጎረቤት ሁሉ ‘ይሄ የጎጃም ሰው ክዳን ማሽተት ጀመረ’ አለ። ታዲያ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ቀድሞ የደረቀው የምድጃው ክዳን ነው፣ ጥፍር ሲያርፍበት ግን ከሥሩ እንደ ሊጥ። የጣሪያው ሥር ዘገየ፣ ዘገየ፣ በመጨረሻ ግን ጥፍርም አልገባበትም፣ የቲነር ሽታም ጠፋ። በወፍራም የተቀባማ የትም ቢቀመጥ ጉድ ነው።

እና እንደዚያው አደረግሁ፣ ሳሳ እያደረግሁ፣ ጉም ባለበት ቀን እየተውኩ፣ ሽታው እስኪጠፋ እየጠበቅሁ። በመሐሉ የዋጫው ነጋዴ ሽማግሌዎች ሺሺንዳ ገብተው ወጡ የሚል ወሬ መጣ። ፈራሁ ልጆች፣ እውነቴን ነው፣ ኮምፕረሰሩን አንስቼ የመጨረሻውን ዙር ያን ቀን ልረጭ ነበር። የጣታቸውን ምልክት አየሁና ተውኩት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈጀ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹን ጭኜ ሺሺንዳ ተመለስኩ። ጋሽ ወልዴ ዞሩ፣ አሸተቱ፣ በአውራ ጣት ተጫኑ፣ በጥፍር ሞከሩ። ‘ደርቋል’ አሉና ሽማግሌዎቹን ይዘው ገቡ። አስቴርን ሰጡኝ።

መኪናዋ አርጅታ ለቁራጭ ብረት ስትሸጥ ይቺ አስቴር ‘በሩ አይሄድም’ አለች። ዛሬም ዶሮዎቹን ስትከፍት ጣቷን እዚያ ላይ ታሳርፋለች፣ የማላያት ይመስላታል። አስቴር፣ ያኔ አባትሽ በካፊኖኖ ያሉሽን አንቺው ንገሪያቸው።

‘ይሄ ልጅ ገና አልደረቀም፣ ግን አልዋሸኝም፣ እስኪደርቅ ትጠብቂዋለሽ? ነው ያሉኝ’ አለች አስቴር። ‘የሳቅሁት እሺ ለማለት አፍሬ ነው። የዋጫዎቹ ሲመጡም አባቴ ቀለም እስኪደርቅ እየጠበቅን ነው ብለው መለሷቸው፣ ሰዎቹ ግራ ገብቷቸው ሄዱ።’

ይኸው፣ ሰማችሁ። ስንት ዓመታችን ነው አሁን? ታዲያስ አስቴር፣ ደረቅሁ?

‘ላይ ላዩን’ አለች።