የይሄነው የክርስትና ስም

ማክሰኞ ጠዋት አልታዬ እንደ ልማዷ በሩን ከፈተች፤ ዶሮዎቹን ለቀቀች፤ ከደጎሎ የመጣውን ገብስ ሰፌድ ላይ አፍስሳ መልቀም ያዘች። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣች ወዲህ መካነ ሰላም ላይ ማለዳዋ ይኸው ነው። ጎረቤቷ ዘይነባ አጠገቧ ተቀምጣ ታግዛታለች። ስልኩ ሲጮኽ የማታውቀው ቁጥር ነበር።

— ሄሎ... አቤት?... አዎ፣ አልታዬ ነኝ። ማን ልበል?... ጀብሪል... የወረኢሉ ሰው! ወአለይኩም ሰላም። ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ... ቁጥሬን ከማን አገኙት?... ፋሩቅ! የእህትዎ ልጅ ነው እንዴ? ካርታ ሳስተምረው ወረኢሉን ከአዲስ አበባ አስበልጦ ይስልብኝ ነበር እኮ!

— ሄሎ?... ለምን ፈለጉኝ?... እሺ፣ ይናገሩ።

— የማን ጓደኛ?... የይሄነው?

— የለም፣ አልዘጋሁም... ዘይነባ፣ እስኪ ያንን ሬድዮ ዝጊልኝ።

— ጋሽ ጀብሪል፣ አይቀየሙኝ። ባሌ ከጠፋ ሠላሳ አራት ዓመት ሆነው። ሱዳን አየሁት ያለኝ አለ፤ ሞያሌ ነው ያለኝም አለ። አብረው ከዘመቱ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ እሱ መሆኑን የማውቅበት... ሲበላ?... ሲበላ ያንጎራጉራል።

— ... አዎ። እሱ ነው። እናቱ ሁልጊዜ ትቆጣው ነበር።

— ይቀጥሉ... ግንቦት ሃያ፣ ሰማንያ ሦስት። አዎ፣ አዲስ አበባ የተያዘ ቀን። እኛ እዚህ በወሬ ነው የሰማነው... ታንኩ ሲገባ የት ነበራችሁ?... የወታደር ልብሳችሁን ጥላችሁ የሲቪል ለበሳችሁ... ጫማውንስ?... አልተገኘለትም። እግሩ ትልቅ ነው፤ ለሠርጋችን ጊዜም በልኩ ጫማ አጥተን ነበር... ወዴት ስትሄዱ?... አውቶቡስ ተራ? በዚያ ቀን ምን መኪና አለ ብሎ?... ወደ ቦረና፣ ወደዚህ ወደ መካነ ሰላም። ወደ እኔ ሊመጣ።

— ማን ተኮሰ?... ተባራሪ ጥይት... ብዙ ቆየ?... ወዲያው ነው ያረፈው... ለእኔ ብለው አይደለም?... አይማሉ፤ አምንዎታለሁ።

— አለሁ፣ እሰማለሁ... ተቀመጪ ዘይነባ፣ ውሃ አልፈልግም።

— እርስዎ ነዎት የቀበሩት?... በጋሪ ገፍተው ቤተ ክርስቲያን አድርሰው... ቄሱ የክርስትና ስሙን ሲጠይቁዎት ምን አሉ?... ገብረ ሚካኤል? ኧረ ጋሽ ጀብሪል! ክርስቲያን ሁሉ ገብረ ሚካኤል ይመስልዎታል?... አልሳቅሁብዎትም... እሺ፣ ትንሽ ስቄያለሁ። አያልቅሱ እንጂ! እስላም ሰው፣ ከየት ያውቁታል? ጥይት እየተተኮሰ መንገድ ላይ ጥለውት አልሄዱም።

— ለዚህ ነው ሳይደውሉ የኖሩት?... አፍረው... ታመው ነው እንዴ ዛሬ የደወሉት?... ቀዶ ጥገናው መቼ ነው?... ሐሙስ። ገባኝ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄደው በትክክለኛው የክርስትና ስሙ ፍትሐት ሊያስደርጉለት... ሆስፒታል ከመተኛትዎ በፊት።

— ይቆዩ... አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ።

— ሄሎ። አለሁ... እምቢ አላልኩም። ግን ይስሙኝ። እኔ ለንስሐ አባቴ ስሙን የምሰጠው ከሕያዋን ጋር ነው። ተዝካር አላወጣሁም፤ ከል አልለበስኩም። ባሏ የሞተባት ያለኝን ሰው ተቀይሜ ሰላምታ ነስቻለሁ። አሁን ስሙን ከሰጠሁዎት...

— አዎ። እንደሱ ነው።

— አውቃለሁ... አውቃለሁ፣ ጋሽ ጀብሪል። በሰው ስም ተኝቶ እንዲቀር አልፈልግም። እስክሪብቶ ይዘዋል?

— ወልደ ሰንበት... ወልደ፣ አዎ፣ ሰንበት። እስኪ ይድገሙልኝ... ልክ ነው። እሱ ነው... የለም፣ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለዎትም። አፈር አልብሰውታል። እኔም ነገ ለንስሐ አባቴ ነግሬ ከሙታን ጋር አስጽፈዋለሁ... አላህ በሰላም ያውጣዎት። ለዓርብ እደውላለሁ... ሄሎ?... ሄሎ፣ ይሰሙኛል?...

መስመሩ ተቋርጦ ነበር። አልታዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ጠዋት ወዲህ የምትጠብቀው ሰው የለም።