ቅዳሜ ስቶርም አለ

በዳንፎርዝ መንገድ በሚሄደው አውቶብስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት አጠገባቸው ለተቀመጠው፣ ለማያውቁት ሐበሻ ወጣት ስልካቸውን ሰጡት።

«ልጄ፣ የሴንት ጆንስን የአየር ሁኔታ አንብብልኝ። ሴት ልጄ እዚያ፣ ባሕሩ አጠገብ ባለው ከተማ ነው ያለችው።»

«ረቡዕ ፀሐይ ነው። ሐሙስ ትንሽ በረዶ፣ ዓርብ ከባሕሩ ኃይለኛ ነፋስ። ቅዳሜ ስቶርም፣ ከባድ አውሎ ነፋስ ይላል።»

«ውይ! ቅዳሜ እኮ ነው ሕፃኑን ይዘው የሚበሩት! እሑድ አርባ ቀኑ ነው፤ ክርስትና የሚነሣው እዚህ ነው።»

«ፍላይቱ ካንስል ይደረጋል፣ እናቴ። ረቡዕ ይምጡ።»

«ባሏ እስከ ዓርብ ሥራ ነው።»

«ታዲያ እሱ ይቅር! ለክርስትና የሚያስፈልገው የክርስትና አባት እንጂ አባት አይደለም።»

«አንተ! እንዲህ አይባልም። ፈረንጅ ቢሆንም ነጠላ መስቀለኛ ማጣፋት በቪዲዮ አስተምሬዋለሁ። በየቀኑ ለብሶ ያሳየኛል።»

«ስቶርሙ ግን ይህን አያውቅም።»

ስልካቸውን ተቀብለው ለልጃቸው ደወሉ።

«የኔ ልጅ፣ አንቺና ሕፃኑ ረቡዕ ኑ። እሱ ቅዳሜ ከተቻለ ይከተላችሁ... አይ፣ አንቺ እንዳትነግሪው፤ ስልኩን ስጪው።»

ስልኩን ወደ ወጣቱ ዘረጉት።

«በል፣ ይቅር ያልከው አንተ ነህ። በእንግሊዝኛ ንገረው።»

ወጣቱ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ ስቶርሙን በልቤ ወደ እሑድ ማታ ገፋሁት።