ለሟች የሚተው ቦታ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከአያ ሀብተሚካኤል ጎን የተቀመጥሁት በአጋጣሚ ነው። ሁለታችንም የምንሠራው ቡሬ አጠገብ ባለ ዘይት ማሸጊያ ነው፤ እርሳቸው የተሞላውን ጀሪካን በሚንቀሳቀሰው ቀበቶ ላይ ይደረድራሉ፣ እኔ ማሽኖቹን እቆጣጠራለሁ። መንገድ ላይ ማምለጫ ስለሌላቸው ሲያናድደኝ የሰነበተውን ነገር ጠየቅኋቸው።

«አያ፣ ሲደረድሩ መሃል ላይ አንድ ቦታ ባዶ የሚተዉት ለምንድን ነው?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለባንተአምላክ ነው። ድርሻው ነው።»

ባንተአምላክ ባለፈው ክረምት ክዳን ከሚጫነው የብረት ክንድ ሥር እንዳጎነበሰ ተመትቶ የሞተ ሠራተኛ ነው። አሁን በእርሱ ቦታ የምትሠራው የአያ ሀብተሚካኤል ልጅ ያምሮት ናት። ሟቹ ድርሻው ከቀረበለት እርሷን አይነካም ብለው ያምናሉ። ባዶው ቦታ ሲያልፍ ሠራተኛው ሁሉ ዝም ይላል። ክንዱም እንደ ተሰቀለ ይቀራል። እኔንም አንገቴን ይበርደኝ ነበር፤ ስለ በረደኝ ግን ሒሳቡ አይለወጥም።

ቀበቶው በሰከንድ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር እንደሚሄድ፣ ክንዱም ጀሪካን ሲደርስ ብቻ እንደሚወርድና በየሁለት ሰከንዱ አንድ ለመቀበል እንደ ተስተካከለ ነገርኋቸው። ሠላሳ በሁለት ሲባዛ ስልሳ ነው፤ ስለዚህ ከአንዱ ጀሪካን ፊት እስከ ተከታዩ ፊት ስልሳ ሳንቲ መሆን አለበት። ባዶ ቦታ ከተተወ ግን የቀሩት ተጠጋግተው ይጋጫሉ፣ ዘይቱም ይፈሳል።

«እህል አውድማ ላይ አይቆጠርም፤ በረከቱ ይሸሻል» አሉ። «ዘይቱም ያው የኑግ ልጅ ነው።»

«ቀንበርስ በግምት ነው የሚጠርቡት?»

«እሱማ በበሬው አንገት ተለክቶ ነው።»

«ይህም በሰው አንገት ነው።»

ተሳፋሪው ሳቀ። እርሳቸው አልሳቁም።

ብከለክላቸው ዘወር ስል ይመልሱታል። ስለዚህ እንደ ደረስን ከግቢው የበቆሎ አገዳ ቆረጥሁ፣ ያምሮትን ከቦታዋ ገለል አደረግሁና አባቷ እንደ ልማዳቸው እንዲደረድሩ ጠየቅሁ። ባዶው ቦታ መጣ። ክንዱ ተሰቅሎ ቀረ።

«ምን ይመስላል፣ አያ?»

«የቆመ።»

«ያምሮትም የቆመ ይመስላታል። የፈሰሰ ዘይት ልትጠርግ ትገባለች።» አገዳውን ከክንዱ ሥር ዘረጋሁት። ተከታዩ ጀሪካን እንደ ደረሰ ክንዱ ወረደ፤ አገዳው ደቀቀ። «አልቆመም ነበር። ሁለቱ ሰከንድ አራት ሆነ እንጂ። ለሟች የሚተዉት ቦታ ሰው የሚገባበት ቦታ ነው።»

አያ ሀብተሚካኤል ልጃቸውን አዩ። «ባንተአምላክ የሞተ ዕለትም አንድ ጀሪካን አምልጦኝ ነበር» አሉ።

ማሽኑን አጠፋሁት።

ነጭ ቀለም ያመጡት አያ ሀብተሚካኤል ራሳቸው ናቸው። ቀበቶው ላይ በየስልሳ ሳንቲው ነጭ መስመር አሰመርን፤ በክንዱ ዙሪያም ማሽኑ ካልጠፋ የማይከፈት የሽቦ አጥር አቆምን። ከዚያ ወዲህ ጀሪካን አይጋጭም፣ ዘይት አይፈስም፣ ያምሮትም በጤና ወደ ቤቷ ትገባለች። የባንተአምላክ ድርሻ፣ አንድ ጀሪካን ዘይት፣ በተዝካሩ ቀን ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ፤ ቦታውም እዚያ ነው። በረከት የሚሸሸው ከሚለካበት ቤት ሳይሆን ልጅ ከሚቀበርበት ቤት ነው።

ፈረቃው ሲያልቅ ቀበቶው ጥቂት ጊዜ ባዶውን ይዞራል። ነጫጭ መስመሮቹ አንድ በአንድ ያልፋሉ፤ አያ ሀብተሚካኤልም ለእያንዳንዱ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ይህን አልከለክልም። ክንዱ ከሽቦው ወዲያ ተሰቅሎ ይጠብቃል።