አበጀ የተሰቀለበት ግድግዳ

(ደሴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። መጋረጃው በተዘጋ ሳሎን ውስጥ ባሏ የሞተባት ባለ ባልትና ሱቋ ትርንጎ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ቀይ ቀሚስ ለብሳ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች፤ የሟቹ እህት የሆነችው የሰርግ ፎቶ አንሺ እታፈራሁ የመብራቱን እግር ይዛ ቆማለች፤ ከሶፋው በላይ የሟቹ የአበጀ ፎቶ ተሰቅሏል።)

ትርንጎ፦ እሱን ብቻ አትበዪኝ። መብራቱን አንሺ፣ ሶፋውን አንሺ፤ አበጀ ግን ካለበት አይነሳም።

እታፈራሁ፦ እኔስ ወንድሜን ላወርድ ወድጄ መሰለሽ? የፎቶው መስታወት መብራቱን እየመለሰ ካሜራዬን ይወጋዋል። ከራስሽ በላይ ሁለተኛ ፀሐይ ወጥታለች።

ትርንጎ፦ መብራቱን ዝቅ ብታደርጊውስ?

እታፈራሁ፦ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው። ዝቅ ካለ ጥላሽ ግድግዳው ላይ እንደ ጅብ ይቆማል።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ነጠላ ጣል አድርጊበት።

እታፈራሁ፦ ፊቱ ላይ? የተገነዘ ይመስላል።

ትርንጎ፦ በስመ አብ። ተዪው። ወደ ግድግዳው ብናዞረውስ?

እታፈራሁ፦ አልሸሹም ዞር አሉ። ስለዞረ የማያይ ይመስልሻል?

ትርንጎ፦ እሱንማ ነው የፈራሁት።

እታፈራሁ፦ ለሱቁ ማስታወቂያ ነው አላልሽኝም? ምኑ ያስፈራል? ድሮ በየጋራዡና በየፀጉር ቤቱ የቀን መቁጠሪያ ላይ የነበሩትን ቆነጃጅት አስመስዪኝ አልሽ፤ ሸክላ ማጫወቻ ተውሰን መጣን፤ ቀይ ቀሚስ ለቀይ በርበሬ ተባባልን።

ትርንጎ፦ ነው። ለበርበሬው ነው።

እታፈራሁ፦ በይ መብራቱን ወደ ጎን ልሳበው። አሁን መስታወቱ ዝም አለ። ግን ግማሽ ፊትሽ ጨለመ። ያን ፎይል የለበሰ ካርቶን ጭንሽ ላይ ያዢው፤ ከታች ትንሽ ብርሃን ይመልስልሽ።

ትርንጎ፦ እንዲህ?

እታፈራሁ፦ ቀና አድርጊው። እግርሽን አነባብሪ። ቀሚሱን ወደ ጉልበትሽ አትጎትቺ፤ የቀን መቁጠሪያ ሴት ጉልበቷን አትደብቅም።

ትርንጎ፦ እናትሽ ብታየኝስ?

እታፈራሁ፦ እሷ ሰርግ ላይ የማነሳውን ሁሉ ብታይ ካሜራዬን ገደል ትከተው ነበር። ሳቂ።

ትርንጎ፦ እየሳቅኩ ነው።

እታፈራሁ፦ ይሄ ሳቅ አይደለም፣ የጥርስ ሕመም ነው። እስቲ ያቺን ሩብ ኪሎ ሽሮ ገዝታ ግማሽ ኪሎ ምረቂኝ የምትልሽን ደንበኛሽን አስቢ።

ትርንጎ፦ አንቺ ልጅ፣ አታስቂኝ... ሳቄን ሰማሽው? ጎረቤት ይሰማል። አበጀ፣ ይቅር በለኝ።

እታፈራሁ፦ ቆንጆ ነበር እኮ፣ ለምን አቋረጥሽው? ይቺን ትልቅ አድርገን አሳትመን የሱቁ በር ላይ...

ትርንጎ፦ ትልቅ አልፈልግም። ኪስ የምትገባ ትንሽዬ ትበቃኛለች። አንዲት ብቻ። ከካሜራሽም አጥፊልኝ።

እታፈራሁ፦ እትዬ ትርንጎ፣ የበርበሬ ማስታወቂያ በኪስ ይያዛል?

ትርንጎ፦ ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የኔማ ሳያድር ቀለለ።

እታፈራሁ፦ ፎቶውን የምትልኪለት ማነው?

ትርንጎ፦ ኮምቦልቻ ያለ ወፍጮ ጠጋኝ ነው። የኛን ወፍጮ ሊሠራ ሲመጣ ነው የተዋወቅነው። እሱም ሚስቱን ቀብሯል። እስካሁን ከወሬ ያለፈ ነገር የለንም። በጥቁር እንጂ በሌላ አይቶኝ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ እንኳ በቀይ ይየኝ ብዬ ነው።

እታፈራሁ፦ ደሴ ላይ ፎቶ አንሺ ጠፍቶ ነው የሟቹን እህት የጠራሽው?

ትርንጎ፦ ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከኔው ስሚ ብዬ ነበር። ስትመጪ አንደበቴ ተሳሰረ፤ በርበሬ አልኩ። አፍሬአለሁ፣ እታፈር። እሱ አፈር ለብሶ እኔ ከንፈሬን ቀይ ተቀብቼ ስቀመጥ፣ በቁሙ የከዳሁት ይመስለኛል።

እታፈራሁ፦ ታዲያ መጀመሪያ ከሉን አውልቀሽ፣ ሰው ለምዶልሽ፣ ከዚያ አይሻልም ነበር?

ትርንጎ፦ ማን አስወለቀኝ? ባሏ የሞተባት ሴት ከሏን በገዛ እጇ ታወልቃለች? ሙት ዓመቱ ላይ ከናንተ ወገን አንድ ሰው ልብስ ይዞልኝ ይመጣል ብዬ፣ ገላዬን ታጥቤ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። እንግዳው በልቶ፣ መርቆ ሄደ። ይኸው ሌላ ዓመት ደገመኝ።

እታፈራሁ፦ እኔም እዚያው ነበርኩ።

ትርንጎ፦ ነበርሽ። ወጥ ታወጪ ነበር።

እታፈራሁ፦ እናቴ «ማን ያስወልቃት?» ስትል ዝም አልኳት። እስከ ዛሬም ዝም እንዳልኩ ነኝ። አንቺን በጥቁር ሳይሽ ወንድሜ ገና ሩቅ አልሄደም እላለሁ። የኔን ሐዘን አንቺ ላይ አልብሼ እኔ በየሰርጉ እዞራለሁ።

ትርንጎ፦ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ሰውየውን ሳላገኝ አንቺን አስቀየምኩ። ካሜራሽን ሰብስቢ፤ ገብቼ ጥቁሬን ልልበስ።

እታፈራሁ፦ ተቀመጪ።

ትርንጎ፦ እታፈር፣ ይቅርብኝ።

እታፈራሁ፦ ተቀመጪ አልኩሽ። ጥቁሩን እኔ ይዤው እሄዳለሁ፤ ለእናቴም አስወለቅኳት እላታለሁ። መብራቱንም ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ፤ ግማሽ ፊት ለሰው አይላክም።

ትርንጎ፦ መስታወቱስ?

እታፈራሁ፦ ዘወር በይልኝ፣ ሶፋው ላይ ልውጣ። ወንድሜን የማወርደው እኔ ነኝ።